በአጥንትህ ስትሰማ ኖረሃል

ውድ አባዬ፣

ስልክ ብደውል እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን አራት ዓመት ሙሉ ዝም ያልኩህ በስልኩ ምክንያት አይደለም፤ አኩርፌ ነው። "ቁጡ" ብለህ ያወጣህልኝ ስም መቼም የትም አልሄደም። ዛሬ ግን ያየሁትን ጉድ ካልነገርኩህ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ነገሩ በልጄ ነው የጀመረው። ባለፈው ወር ሰሃን ሳጥብ ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝና "እማዬ፣ ስንቴ ልጥራሽ? ሆን ብለሽ ነው አይደል?" አለችኝ። ክው አልኩ። ለካ እኔም እየደነቆርኩ ነው።

ዛሬ ጠዋት ለምርመራ ሄድኩ። ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ። መርማሪዋ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀችልኝና "ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ይቺን ቁልፍ ተጫኚ" ብላኝ ወጣች። በመስኮቱ አያታለሁ፤ እሷ መሣሪያዋን ትነካካለች፣ እኔ ቁልፌን ጨብጬ እጠብቃለሁ። በጣም ከጎላው ድምፅ በቀር ወፍ የለም። አላበኝ። ከዚያ ተመልሳ ማዳመጫውን አወለቀችና የጣት ጫፍ የምታህል ነገር ከጆሮዬ ጀርባ፣ አጥንቱ ላይ አሰረችልኝ። አባዬ፣ ጉድ በል! ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። ቀጭኑም፣ ወፍራሙም፣ ሹክሹክታ የሚያህለውም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

መርማሪዋ ውጤቱ የታተመበትን ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

"መስማት የሚቀንሰው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም" አለችኝ። "አንዳንዱ ነርቩ ይጎዳል፤ እሱ አይመለስም። ያንቺ ግን መንገዱ ነው የተዘጋው። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አጥንት አለች፤ ነቅነቅ ማለት ሲገባት ደርቃ ቀርታለች። ውስጡ ደህና ነው። በዘርም ይመጣል፤ ከቤተሰብ የማይሰማ አለ?"

"አባቴ። እሱ ግን የፈለገውን ይሰማል" አልኳት። "መካኒክ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ጀርባ ደግፎ የትኛው ኩሽኔታ እንደተበላ ይነግርሻል።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ከጆሮው ጀርባ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"እና እኔ አሁን ምን አደረግሁልሽ?"

አባዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያን ቀን ትዝ አለኝ። መታጠቢያ ቤት ወድቄ፣ እግሬ ተሰብሮ ስጮህ አንተ ግቢ ውስጥ የሰው መኪና ላይ ተደፍተህ ነበር። ያነሳችኝ ጎረቤት ናት። "የብረት ጣር ይሰማሃል፣ የልጅህ አይሰማህም! ደንቆሮ አይደለህም፣ አስመሳይ ነህ!" ብዬ ጆሮህ ላይ ጮህኩብህ። እሱን በደንብ ሰማኸኝ። ሳምንት ሳይሞላ ዕቃህን ሰብስበህ አክስቴ ቤት ገባህ።

አሁን ሳስበው እጄን አፌ ላይ እጭናለሁ። ማንም ሳያስተምርህ፣ የተዘጋውን መንገድ ትተህ በአጥንትህ በኩል ስትሰማ ኖርክ! እዚያ ክፍል ሙሉ መሣሪያ የሚሠራውን አንተ በካቻቢቴ ሠራኸው። እኛ ደግሞ ከኋላህ ቆመን እንስቅ ነበር። ይቅር በለኝ አባዬ።

መርማሪዋ "ሳላያቸው አልፈርድም" ብላለች። የጋራዡ ጩኸት ነርቩንም ነክቶት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም የተቀላቀለበት አለ አሉ። ነርቩ ከተረፈ ግን ቀዶ ሕክምናም፣ በአጥንት በኩል የሚያሰማ መሣሪያም አለ። "ብቻ አይቆዩ" አለችኝ። ለማክሰኞ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ደግሞ "ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል" እንዳትለኝ፤ የልጅ ልጅህ ስትዘፍን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሃትም።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ። አክስቴ ሥራ ላይ ስለምትሆን ብቻህን ነህና በሩን ገርበብ አድርገህ ተወው። እንደገባህ ሰሞን አንዴ መጥቼ ባንኳኳ አልከፈትክልኝም ነበር፤ ከእንግዲህ ግን ደጅ ቆሜ አንኳኩቼ፣ ዘጋኝ ብዬ ተናድጄ አልመለስም። ገብቼ ትከሻህን እነካሃለሁ።

የምትወድህ፣ የበደለችህም ልጅህ