ሰሙ የቀለጠ ዕለት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ወገቡን ተሻለው? ያቺ «ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ይሮጣል» ያልሽኝ ልጅሽስ እንዴት ናት? ከትልቅ እስከ ትንሽ ጤናችሁ ይብዛልኝ። እኛ በጤና በኩል የምናማርረው የለንም፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። የእናንተ ናፍቆት ግን በቀላሉ የሚለቅ በሽታ አልሆነልንም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆይቷል። መልሱን ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ከረምኩ፤ መቼም እኔን ታውቂኛለሽ። አሁን ግን ሳልነግርሽ አንድ ቀን እንኳ ባድር ልቤ የሚፈነዳ መሰለኝ። እትዬ፣ ፈተናውን አለፍኩ! እኔ፣ ታናሽሽ! የጥርስ ሠሪነት ፈቃዴን በእጄ ይዤዋለሁ። ከፈተናው አዳራሽ ስወጣ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውስም፤ ጫማዬ ወልቆ ወደ ኋላ መመለሴን ብቻ ነው የማስታውሰው።

የምነግርሽ ዋና ነገር ግን እሱ አይደለም። በደብዳቤሽ፣ «አባዬ እስከ ዛሬ ጥርሱን ነክሶብኛል፤ ስደውል ድምፁን እንኳ ይነፍገኛል፤ ሁለት ቃል ሳያናግረኝ ስልኩን ላንቺ ያቀብላል» ብለሻል። አንብቤው ሳቅም እንባም አንድ ላይ መጣብኝ። እህቴ፣ በምን ጥርሱ ይንከስብሽ? አባዬ እኮ አፉ ውስጥ አንድም ጥርስ አልነበረውም!

ቆይ፣ ተረጋጊ፤ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ባልሽን እንደምታገቢ የነገርሽው ዕለት «በዚህ እግሬ ደጃችሁን አልረግጥም» ብሎ እንደጮኸ አትረሺውም። ጎረቤቱ ሁሉ ነው የሰማው። አባዬ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ በአውቶቡስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ መነሻና መድረሻ ሲለፍፍ የኖረ ሰው ነው፤ ሹክ ቢል እንኳ ሦስት ቤት ይሰማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነና ቃሉን ማጠፍ አቃተው እንጂ፣ ንዴቱስ ዓመትም አልቆየ። ወደ እናንተ አገር የሚመላለሱ የጭነት መኪና ሾፌሮችን እያስቆመ «እንዴት ነው፣ ይበርዳል?» ሲል ደርሼበታለሁ። ማን እንዳይበርደው እንደሚጨነቅ ግን ለእኔ አልነገረኝም።

ከዚያ ድዱን ታመመ። ሐኪሙ ዛሬ አንድ፣ ሌላ ጊዜ ሁለት እያለ ጥርሱን በሙሉ ነቀለው። ሰዓት የምናስተካክልበት ያ ድምፅ ትኩስ ድንች እንደጎረሰ ሰው ሆነ። ማይክሮፎኑን ለሌላ ሰው ለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ጡረታ ወጣ። ሰው ፊት አፉን በእጁ ሳይሸፍን አይናገርም ነበር። ስትደውዪ ድምፅሽን ለመስማት ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሳው እሱ ነው፤ «እንዴት ነሽ» ማለት ሲጀምር ቃሉ አፉ ውስጥ ሲንሸራተትበት ያፍርና ለእኔ ያቀብለኛል። ከዚያ ግን የትም አይሄድም፤ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠግቶ ጆሮውን እንደቀሰረ ይቀመጣል። ልጅሽ ስልኩ ላይ የዘፈነች ቀን፣ ድምፁን አስጨምሮኝ አልቅሷል።

«ሂድና ታረቃት» ብዬ ስንቴ ለመንኩት! መልሱ አንድ ነበር፤ «ጥርሴን ላስገባና እሄዳለሁ። ይቅርታ በድድ አይጠየቅም» ይለኛል። «አማቶቿ ፊት በድዴ ልሳቅላቸው?» ይላል። እንዳልነግርሽም በሞቱ አስማለኝ። እና ጥርሱን የምትሠራለት ማን እንደሆነች ታውቂያለሽ? እኔው ነኛ! አሁን ጉዱን ታዪዋለሽ።

በእኛ ሙያ ፈቃድ ለማግኘት ጥርስ ለሌለው ሰው የላይና የታች ሙሉ ጥርስ ሠርተሽ፣ ሰውየውን ራሱን ይዘሽ ፈታኞች ፊት ትቀርቢያለሽ። አባዬን መረጥኩ። የአፉን ልክ ወሰድኩ፣ በጀሶ ቅርጹን አወጣሁ፣ በዚያ ላይ ጥርሶቹን በሰም ደረደርኩ። ከዚያ የቀረኝ ሰሙን በፈላ ውሃ አጥቦ በቦታው ድድ የሚመስለውን ፕላስቲክ መጋገር ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ስደርስ ቆምኩ። የፈተናው ወቅት መጣ፣ አለፈ። እንደገና መጣ፣ እንደገና አለፈ። ሰሙ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፣ እኔም አየዋለሁ።

ስንፍና ነው እንዳትዪኝ። የሌላ ሰው ሥራ አሳድሬ አላውቅም። የአባዬን ሥራ ላንሳ ስል ግን እንደ እኔ ጽዱ ሰው ከየት ይገኛል! ጠረጴዛዬን እወለውላለሁ፣ ቢላዎቼን እስላለሁ፣ የጥርሶቹን ሣጥን ከነጩ እስከ ቢጫው በቀለም እለያለሁ፣ ለይቼ ስጨርስ ደግሞ በመጠን። መጽሐፉን ላጥና ብዬ ስቀመጥም ያው ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ከመነበቡ ብዛት ጥጉ ተበልቷል፤ የመጨረሻው ገና የማተሚያ ቤት ሽታው አልለቀቀውም። አለቃችን ስሜን ትቶ «ወይዘሪት ነገ» ይለኝ ጀመር። አንድ ቀን «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ልመልስለት ብሞክር፣ «ያንቺ እንቁላል እኮ ገና አልተጣለም» ብሎ ሥራ ቤቱን በሙሉ አሳቀብኝ።

አባዬም ቢሆን ከእኔ የሚተናነስ እንዳይመስልሽ። ሰሙን አፉ ውስጥ አድርገን ልኩን ማየት ነበረብን። በቀጠርኩት ቀን «ዛሬ ጉሮሮዬን ከርክሮኛል» ይላል። እኔም ደስ እያለኝ «እንግዲያው ይደርሳል» እላለሁ። በሌላው ቀን እኔ ራሴን ያመኛል፣ እሱ ደስ ይለዋል። እንዲህ እየተሳሰብን ኖርን! እሱ ጥርሱ ተሠርቶ ካለቀ የሚሸሸግበት ምክንያት ያልቅበታል፤ ደጅሽ ድረስ ሄዶ ብትመልሺውስ? ያን ፍርሃቱን ያወቅሁት አሁን ነው።

ያ ሁሉ ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ተገለበጠ። ፈተናው ሊደርስ ቀናት ቀርተውታል። ዛሬስ እጨርሰዋለሁ ብዬ ፎከርኩና፣ ከመጀመሬ በፊት ግን መደርደሪያው አቧራ ስለያዘ ልወልውለው አልኩ። የአባዬን ሰም አንስቼ ለአፍታ ብዬ መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩት። ያ መስኮት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እንደሚመታው ሥራ ቤቱ ውስጥ የማያውቅ የለም። መደርደሪያውን ወለወልኩ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለውን፣ ከዚያ የማይመለከተኝን የጎረቤቴን። ስመለስ ሰሙ ቀልጧል። ያ ስንት ዘመን የተጠበብኩበት ጥርስ አንዱ ባንዱ ላይ ተጋድሞ፣ ግማሹ ወደ ጎን ዞሮ፣ እንደ ሰካራም ፈገግ ብሎብኛል።

መጀመሪያ ጮህኩ። አለቃችን ሮጦ መጣ፣ አየውና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «እንኳንም ቀለጠልሽ! አሁን የምታዪው ስለሌለሽ ትሠሪ ይሆናል» አለኝ። ልናደድበት ፈለግሁ፤ ግን ይገርምሻል፣ ትከሻዬ ሲቀልል ተሰማኝ። ለካ ሰም እስከሆነ ድረስ እንከን የለሽ ነበር! ሰም ይቃናል፣ ይሞረዳል፣ ነገ ይሻሻላል። ፕላስቲክ ከሆነ ግን ያው ነው። ቢቆረቁረው፣ ቢንሸራተትበት፣ ሲስቅ ቢወድቅበት፣ የእኔ ሙያ ልክ እሱ ነው ማለት ነው። ለሌላ ሰው ሲሆን አጠብቀዋለሁ ወይም እሞርደዋለሁ፤ ለአባዬ ግን ከልክ በላይ ፍጹም ነገር ስለፈለግሁ ምንም ሳልሰጠው በድዱ ሾርባ ሲመጥ ከረመ። ያዘገየሁበት አንድ ሌላም ምክንያት ነበረኝ፤ እሱን ግን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ።

ወንበሬን ስቤ እዚያው ተቀመጥኩ። ጠረጴዛው ቆሻሻ ነበር፣ ቢላዎቹም ተበታትነው ነበር፣ ግድ አልሰጠኝም። የቀለጠው ሥራዬ የፊት ጥርሶቹ እንደ ተዋናይ ጥርስ ቀጥ ብለው የተሰለፉ ነበሩ። በሁለተኛው ላይ ለመጠበብ ጊዜ የለኝም፤ እጄ የሚያውቀውን ብቻ ነው የሠራሁት። የላይኞቹን ሁለት ስደረድር በመካከላቸው ክፍተት ተውኩ። መጀመሪያ ስህተት መሰለኝና ልገጥመው ጣቴን ዘረጋሁ። ከዚያ ያንቺ ፍንጭት መሆኑ ታወሰኝ። ያንቺ ብቻ አይደለም፣ ካባዬ የወሰድሽው ነው። እኔን አልፎ አንቺ ጋር የቀረ ፍንጭት፤ ልጅ ሆኜ ስንቴ ቀንቼብሻለሁ! ተውኩት። በዚያው ሳልቆም ሰሙን አጥቤ ፕላስቲኩን ጋገርኩት።

የፈተናው ዕለት ለአባዬ ጥርሱን አስገባሁለትና መጀመሪያ መስታወት ሰጠሁት። ከንፈሩን ገለጥ አደረገ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እንደገና አየ። «ይሄንን ሰውዬ አውቀዋለሁ» አለኝ። ከዚያ «ትልቋም እንዲህ ነው የምትስቀው» አለ። ስምሽን ጠርቶ ሳይሆን «ትልቋ» ብሎ፣ ልክ እንደ ድሮው። ፈተናው ሳይጀመር እዚያው አለቀስኩ።

አዳራሹ ውስጥ ሦስት ፈታኞች ተቀምጠዋል። በጥርሱ ተናግሮ እንዲታይ አንዷ ወረቀት ሰጡትና ጮክ ብለው ያንብቡልን አሉት። አባዬ ወረቀቱን ተቀበለ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። እሱ ተነሣ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ያንን ድምፁን ለቀቀው፤ «ክቡራን መንገደኞች! ክቡራን መንገደኞች!» እትዬ፣ መስኮቱ ነዘረ! የአውቶቡሱን መነሻ ሰዓት፣ የመውጫውን በር፣ ሻንጣ የያዛችሁ ፈጠን በሉ፣ ልጆች የያዛችሁ ተጠንቀቁ፣ አንድም ቃል አልተንሸራተተችበትም። ሰ ሰ ናት፣ ጸ ጸ ናት፣ ጠርቶ የወጣ ድምፅ። ዳር ላይ የተቀመጡት ፈታኝ ሳያስቡት ቦርሳቸውን ይዘው ብድግ አሉ! ለካ በዚያ ጣቢያ ዓመታት የተመላለሱ ሰው ናቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሳቸውም እያፈሩ ተቀመጡ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የጠራው አውቶቡስ ወደ እናንተ ከተማ የሚሄደው ነበር። ያ መስመር የተከፈተው እሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው፤ በሥራ ዘመኑ አንድም ቀን ጠርቶት አያውቅም። ሰዓቱንም በሩንም ብቻውን አጥንቶ ሲጠብቅ ኖሯል። እኔ መጽሐፌን አላጠናሁም እንጂ እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ቁጭ ብሎ ነበር።

አሁን ደግሞ እንደ ባለሙያ ጥቂት ነገር ላስጠንቅቅሽ። አባዬ ማታ ሊተኛ ሲል ጥርሱን ያውልቅ፤ ንጹሕ ውሃ ባለው ብርጭቆ ውስጥ ይደር። ብርጭቆውን ልጅሽ ከማትደርስበት ቦታ አስቀምጪው፣ አለዚያ መጫወቻ ታደርገዋለች። ሰሞኑን ለስላሳ ለስላሳውን ይብላ፤ ሾርባ፣ የተቀቀለ ድንች። ለውዝ ይለምንሻል፣ እንዳትሰጪው። ድዱን ከቆረቆረው በሞረድ ልነካካው ማለቱ አይቀርም፤ እስክመጣ ይታገሥ በይልኝ። ሲስቅ አሁንም በልማድ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል፤ እጁን ያዢው።

ፖስታው ላይ ቴምብር ብታጪ አትገረሚ። ፖስታ ቤት ልውሰደው ብል ራሴን አውቀዋለሁ፤ አባዬ ራሱ ይዞልሽ ይመጣል። ሻንጣው በር ላይ ተቀምጧል። ለጥቂት ቀን ነው ብሎኛል፤ የክረምት ካፖርቱን ግን ከታች አጥፎ ሲከተው አይቻለሁ። ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ ያልኩሽ ምክንያት ይኸው ነው፤ ብቻዬን መቅረትን ፈራሁ። አዝራሩ ግን ላልቶ ስለነበር አጠበቅሁለት።

ፖስታውን ከመስጠቱ በፊት መናገሩ ስለማይቀር፣ ይህን የምታነቢው ከሰማሽው በኋላ ይሆናል። በር ላይ የሚልሽን ነገር ከትናንት ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ ሲለማመደው በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ። እኔ አልጽፈውም። ከራሱ አፍ ስሚው።

ቤትሽን ሳቅ አይለየው። ልጅሽን አሳድጎ ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ባልሽን ከነወገቡ ይጠብቅልሽ። እኔንም በደህና ቀን ከደጃችሁ ያድርሰኝ።

የምትናፍቅሽ
ታናሽ እህትሽ