ሠላሳ አንደኛው ቀን

ለወንድሜ ለቀልጣፋው፤

እንደምን ከረምክልኝ? ያ ጎንህን የሚወጋህ ነገር ተወህ ወይ? አራሷ እህታችንስ ከነልጇ በርትታለች? እማዬስ እህል ትወስዳለች? ከጉሮሮዋ ቀዶ ጥገና ወዲህ አሁንም የምትጠራችሁ ብርጭቆ በማንኪያ እየመታች ነው? እኔ፣ አንተ ካናደድከኝ በቀር፣ ደህና ነኝ።

ንዴቴን በስልክ ልጨርሰው ብዬ ነበር፤ አንተ "እሺ፣ እሺ" ብለህ ዘጋኸው። አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። እማዬ ድምፅዋ ሳይዘጋ የቀዳናቸውን አርባ አንድ ቅጂዎች፣ እሹሩሩዋን ሳይቀር፣ ለፎቶ ኮፒ ቤትህ ኮምፒውተር ቦታ ላስለቅቅ ብለህ ሰረዝካቸው። ታላቅ እህቴ ኢንተርኔት ላይ መጠባበቂያ አላት ብለህ ነዋ! ማንን ጠየቅክ? ማንንም።

ጉዱን ያወቅኩት እህታችን ለልጇ እሹሩሩውን ላኪልኝ ስትለኝ ነው። መጠባበቂያውን ብከፍተው ባዶ! የጋለ ካውያዬን ጥዬ፣ አለቃዬ እያፈጠጠችብኝ፣ መጠባበቂያውን ለሚይዝልን ድርጅት ደወልኩ። አርባ ደቂቃ ሙዚቃ አስደመጡኝ። በመጨረሻ አንድ ሠራተኛ ረጋ ብሎ፣ ፋይሉ ኮምፒውተራችሁ ላይ እስካለ እኛም ጋ ይኖራል፣ ከዚያ ከተሰረዘ ግን ሠላሳ ቀን ብቻ እናቆየዋለን አለኝ። ታዲያ ዛሬ ስንተኛው ነው ብለው፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው፣ ሠላሳ አንደኛው አለኝ። ደሜ ፈላ። ጮህኩበት። እሱ ምን ያድርግ፣ ደንቡን ያወጣው እሱ አይደለም።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ከደሙ ንጹህ አይደለሁም። ፋይሎችሽ ሊጠፉ ነው የሚል መልእክት ሦስቴ ልከውልኛል፤ ማስታወቂያ መስሎኝ ሳልከፍተው አለፍኩት። አንተ እኔን አምነህ፣ እኔ እነሱን አምኜ፣ እማዬን ሁለተኛ ጊዜ ድምፅ አሳጣናት። አንጀቴን ያሳረረኝ ይሄ ነው።

ሠራተኛው አሳዝኜው መሰለኝ ዝርዝሩን እንደገና አየልኝና አንዲት ቅጂ አገኘ። ለካ ስትሰርዝ መብራት ሄዶብህ የመጨረሻዋን በማግስቱ ነው ያጠፋሃት። ለእሷ ገና ሠላሳኛው ቀን ነበር። ስልኩን ሳልዘጋ አወረድኳት። እሹሩሩው እንዳይመስልህ። አሥራ አንድ ሴኮንድ ናት። መጀመሪያ ዕቃ ሲንኮሻኮሽ ይሰማል፤ ከዚያ እማዬ፣ "አንተ ልጅ፣ ያነሳኸውን ዕቃ ቦታው መልስ ብዬ ስንቴ ልንገርህ?" ትላለች። በሳቅ ጀምሬ በለቅሶ ጨረስኩት። አለቃዬ ሰው የሞተብኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ።

ቅጂዋን ልኬልሃለሁ። በሦስት ቦታ አስቀምጣት፤ አንዱ የእህታችን ስልክ ይሁን፣ አንተ የማትደርስበት።

እህታችንን እንኳን ማርያም ማረችሽ በልልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ምስኪን፣ የአያቷን ድምፅ የምታውቀው አንተን ስትቆጣህ ብቻ ነው። የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ብርጭቆውን ስትመታ ደግሞ "እሺ፣ እሺ" ብለህ አትቀመጥ፤ ተነስተህ ሂድላት።

ታላቅ እህትህ
ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል
ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱ ቀን