ሄዶ ስላልተመለሰው ባለሰማያዊ እራፊ ጆንያ

ለክቡር ዶክተር ነሺአት
የድንበር ንግድ ሚዛን ጽሕፈት ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳያጓራ የሚሠራ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥርስዎ ጠንካራ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ጥርስዎን ለይቼ ያነሣሁበት ምክንያት ወደ ታች ሲወርዱ ይገባዎታል። እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ደህና ብቻም አይደለሁም፣ ጎረቤቶቼ «ይቺ ሴትዮ ባሏ መኪናው ተይዞበት ምን ያስፈነድቃታል?» እስኪሉ ድረስ ደስ ብሎኛል። ደስታዬንም መኪናችንንም በየተራ አስረዳለሁ። ነገር ግን መኪናዋ ሐሙስ ከቀትር በኋላ በጨረታ እንደምትሸጥ በግቢዎ በር ላይ ስለተለጠፈ፣ እርስዎም ሥራ የሚበዛብዎ ሰው ስለሆኑና እስከ መጨረሻው ላያነቡኝ ስለሚችሉ፣ የምለምንዎን ነገር እዚሁ መግቢያው ላይ ላስቀምጠው፦ የባለቤቴን የአቡ ጃሲርን መኪና ይመልሱልን።

እኔ ነውፋ ነኝ፣ ኡም ጃሲር፣ የጃሲር እናት፤ ረምሳ ውስጥ ከአሮጌው ወፍጮ ቤት ጀርባ ጀሚድ የምሠራዋ። ባለቤቴ አቡ ጃሲር ባሕረኛ ነው። በከተማችን ባሕር ቀርቶ የረባ ኩሬ እንኳ ባይኖርም፣ ድንበር ተሻግሮ ከእኛ እስከ ደርዓ መኪና እየነዳ ዕቃ የሚያመላልሰውን ሁሉ ባሕረኛ እንለዋለን፤ ማዕበሉ የት እንዳለ ሲጠይቁን በጨዋነት ወደ እርስዎ ቢሮ አቅጣጫ እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ ስለ ትእዛዝዎ ላመስግን። ባሕረኞቻችን ከደርዓ ብስኩትና ሳሙና፣ የሕፃን ልብስና ባሚያ ሞልተው እንደሚመጡ፣ ወደዚያ ሲሄዱ ግን ከአንድ ፓኮ ሲጋራ በቀር ምንም እንደማይዙ ሰሙና ተቆጡ። መቆጣትዎ ልክ ነበር። እኔም ብሆን ጎረቤቴ ሞልታ የላከችልኝን ሰሐን ባዶውን ከምመልስ ቤቴን ዘግቼ ብደበቅ ይሻለኛል፤ አገር እየተቀበለች ባዶ ሰሐን ስትመልስ መኖሯ ለማንኛዋም የቤት እመቤት ያሳፍራል። ስለዚህ ማንኛውም መኪና ሲመለስ የሚያስገባው፣ ሲወጣ የጫነውን ያህል ክብደት ብቻ እንዲሆን አዘዙ። ሰሐኑ በምን እንደሚሞላ ግን ሳይናገሩ ለምሳ ወጡ።

ያን ሰሞን ኬላው ላይ የነበረውን ቢያዩ! አንዱ የግቢውን የብረት በር ነቅሎ ጭኖ ሄደ፤ እስኪመለስ ድረስ ሚስቱ ወንበር አውጥታ ክፍቱ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ሌላው አማቱን ከፊት አስቀምጦ «ሰይዲ፣ ክብደቷን እያት፣ ደግሞ እዚሁ አገር የተመረተች ናት» እያለ ተቆጣጣሪዎን ለመነው፤ ሴትየዋ ጫማዋን አውልቃ ሁለቱንም አሳደደቻቸው። ድንጋይ የጫኑም ነበሩ፣ ድንጋዩ የአገር ምርት ነው የሚል ወረቀት የለውም ተብሎ ተመለሰ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጀሚዴ። እርስዎ ጀሚድን የሚያውቁት ምናልባት ሟሙቶ፣ ፈልቶ፣ መንሰፉ ላይ፣ ያው ሩዝና ሥጋው ላይ፣ ሲፈስልዎ ይሆናል። እኛ ጋ ግን የበግ እርጎ ተንጦ፣ በጨርቅ ተንጠልጥሎ፣ ጨው ገብቶበት፣ በእጅ ተድቦልቡሎ፣ ጣራ ላይ በጸሐይ እየደረቀ ድንጋይ የሚሆን ነገር ነው። ቢወድቅ የእግር ጣት ያደቅቃል፣ ካልተበላ ዓመት ይቆያል። የእኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይቆይ ነበር፤ የከተማችን ሰው በጀሚድ ስሟ ከገነነው ከካራክ ያልመጣ ጀሚድ ጀሚድ አይመስለውማ። ባሕረኞቹ ይህን ስለሚያውቁ አንድ ጧት ደጄ ተሰልፈው «ኡም ጃሲር፣ ያንን የማይሸጥ ድንጋይሽን አውሺን» አሉኝ። በሩን ልዘጋባቸው ነበር፣ ሳስበው ግን ብልሆች ናቸው፤ ከባድ ነው፣ ወረቀት አለው፣ ሙቀት አያበላሸውም፤ አመሻሽ ላይ ሲመለስ ደግሞ የመንገደኛ ስንቅ ነው ይባላል፣ ስንቅ የሚመዝን ተቆጣጣሪ የለም። ጧት ወጪ ንግድ፣ ማታ ስንቅ! ጀሚዴ እንደ ተማሪ ጧት እየሄደ ማታ እየተመለሰ ኖረ። ተቆጣጣሪዎ ሪፍዓት ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ይለያቸው ነበር፤ በተለይ ከልጄ ከጃሲር አሮጌ የትምህርት ቤት ሱሪ ቆርጬ የጣፍኩባትን ባለሰማያዊ እራፊ ጆንያ «አህለን፣ ሰማያዊዋ! ደርዓ እንዴት ዋለች?» እያለ ቸብ ቸብ ያደርጋት ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ሬዲዮ ንግግርዎ። ባሚያ እየቀነጠስኩ ሳለ የንግድ ሚዛናችን እንደተስተካከለ፣ በተለይም የወተት ውጤቶች ወደ ውጭ መላክ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ እንዳደገ ሲያበሥሩ ሰማሁዎ። እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ አሰብኩ፤ እርስዎ ያሉትን ያህል ጀሚድ ለመሥራት የአካባቢያችን በግ ሁሉ፣ አውራውን ጨምሮ፣ ቢታለብ አይበቃም። ለካስ እነዚያው ጆንያዎቼ ናቸው! ደግመው ደጋግመው የወጡ፣ በወጡ ቁጥርም እንደ አዲስ የተቆጠሩ። የጎረቤትን ሰሐን ሞልቶ ደጃፏ ድረስ ወስዶ፣ «እንኪ» ብሎ፣ ሳትቀምሰው ይዞ መመለስ ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳጣት አይደለም፤ ረምሳ ያውቀዋል፣ ደርዓ ያውቀዋል፣ ተቆጣጣሪዎም ያውቀዋል። ያልሰሙት እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ወይም ደግሞ ሰምተው ደስ ብሎዎታል። የቱንም ቢመርጡ አክብሮቴ አይቀንስም።

አራተኛው አቤቱታ አይደለም፣ ደስታዬ ነው፤ እዚህ መሐል የገባው መጠበቅ ስላቃተኝ ነው። አቡ ጃሲር ደርዓ ሲደርስ መኪናዋን የሚያቆማት ከሐጃ ሰብሪያ የቅመም ሱቅ ፊት ለፊት ነው። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ሐጃ ልጇን ልትድር ሽር ጉድ ስትል ለሠርጉ ምግብ የሚሆን ደህና ጀሚድ አጣች፤ ወደ መኪናችን መጣችና ሳትጠይቅ ከሰማያዊዋ ጆንያ አንድ ድቡልቡል አውጥታ ጠርዙን በጥርሷ ፋቅ አድርጋ ቀመሰችው። ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ባሌን ገላመጠችው። «አንተ ሰውዬ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን ይዘህ መጥተህ ይዘህ የምትመለሰው ምን በድለንህ ነው?» አለችው። እሱም ደንግጦ «የሚሸጥ መሆኑን እኔም አላውቅም ነበር፣ ሐጃ» ብሏታል፤ ለዚህች ቃል እስካሁን ይቅርታ አላደረግሁለትም። ጆንያዋን እንዳለች ወሰደቻት። «ነውፋ፣ ተሸጠ!» ብሎ ሲደውልልኝ ጣራ ላይ ነበርኩ፤ እልልታዬን የድንበር ጠባቂዎቹ ሰምተውት ይሆናል፣ የሁለቱም አገር። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ነገር ከቤተሰቤ ውጭ ባለ ሰው አፍ «ጣፈጠኝ» ሲባል ያ የመጀመሪያው ነበር። ስለዚህ ያስፈነድቀኛል፤ ጎረቤቶቼም ይወቁት።

አምስተኛ፣ ማለትም ዋናው። የዚያን ዕለት አመሻሽ ላይ አቡ ጃሲር ባሚያና ሳሙናውን ጭኖ ኬላው ላይ ደረሰ። ሪፍዓት የኋላውን ከፍቶ አየና «ሰማያዊዋ የት አለች?» አለው። ተሸጠች አለው። «ተሸጠች ማለት?» ሰው ገዛት፣ ሰይዲ፣ ለሠርግ። «ማን ፈቅዶልህ?» ባሌ ቀልድ መስሎት ከት ብሎ ሳቀ፤ ያች ሳቅ ናት የጎዳችን። ቁልፉን ተቀበሉት፣ መኪናዋን ወደ ግቢ አስገቧት፣ በክሱ ላይም «ወጥቶ ያልተመለሰ ዕቃ» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ በእኛ ጊዜ ወጥቶ ያልተመለሰ ዕቃ ወጪ ንግድ ይባል ነበር። ትምህርቱ ተለውጦ ከሆነ ልጆቼ እንዳይሳሳቱ ቢያሳውቁኝ ውለታዎ ነው። ስናወጣና ስንመልስ ስንኖር ላኪዎች ተባልን፤ አንዲት ቀን ከልባችን ብንሸጥ ኮንትሮባንዲስት ሆንን።

ለአቤቱታ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ እጅግ ጨዋ ወጣት ነው፤ ሻይ ጋብዞኝ፣ አዝኖልኝ፣ እንደ አክስቱ ቆጥሮኝ መፍትሔም ነገረኝ፦ «ኻልቲ፣ ጀሚዱን ከደርዓ አስመልሱና መኪናችሁን ውሰዱ።» ልጄ፣ ሠርጉ እኮ ዓርብ ዕለት ተበላ ስለው፣ ትንሽ አሰበና «ከፊሉም ቢሆን ይረዳል» አለኝ። ከየትኛው ሠርገኛ ሆድ እንደምጀምር ግን አልነገረኝም።

ስድስተኛ ይሁን ሰባተኛ ቁጥሩ ጠፋብኝ፣ ይቅርታ። አቡ ጃሲር ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግቢዎ አጥር ሥር ተቀምጧል። ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ነው፣ ጸሐዩም እንደሚያውቁት ነው። ቤት ግባ ስለው «ዞር ካልኩ ጎማዋን ይፈቱብኛል» ይላል፤ አጠገቧ የነበረችው ቀይ መኪና በእርግጥም አሁን የቆመችው በጡብ ላይ ነው። ምሳውን ይዤለት ስሄድ በሽቦው ቀዳዳ መኪናዋን እያየ አገኘዋለሁ። «ዛሬም አቧራዋን የጠረገላት የለም» ይለኛል፣ ስለ ታመመች ልጅ እንደሚናገር ሰው። ያቺ መኪና ከተሸጠች እሱ ባሕረኛ አይደለም፤ በዚህ ዕድሜው ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል እሱም አያውቅም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈርቻለሁ። እዚህች ቦታ ላይ ቀልዴ እንዳለቀ ይወቁልኝ።

ጓደኞቹ ከዚያ ወዲህ ጀሚዴን ተጠንቅቀው ያወጡታል፣ ይበልጥ ተጠንቅቀው ይመልሱታል። ሐጃ ሰብሪያ ሌላ ጆንያ እንድልክላት ሦስት ሰው ልካብኛለች፤ የሚወስድልኝ ግን ጠፋ። አንዱማ «ኡም ጃሲር፣ የልጆች አባት ነኝ፣ በአላህ እንዳትሸጪብኝ!» ብሎ እጄን ሊስም ምንም አልቀረው። እንግዲህ ሚዛንዎ እንከን የለውም። የሚገዛ እያለ፣ የሚሸጥ እያለ፣ አንዲት ድቡልቡል እንኳ ድንበር ተሻግራ አታድርም። እንኳን ደስ አለዎ።

የምፈልገው ሽልማት አይደለም፣ ካሣም አይደለም። ሐሙስ ከመድረሱ በፊት ያቺን በር አስከፍተው ለባሌ ቁልፉን ይስጡት፤ ሌላው ሁሉ፣ ሬዲዮውም ጭምር፣ የእርስዎ ይሁን።

ጽሕፈት ቤትዎ ላስመዘገበው ድል ጀሚዷን ደጋግማ ያበደረች፣ አንድ ጊዜ ብቻ በእውነት ልካ የተከሰሰች፣ የአጥርዎ ሥር ያለደመወዝ ዘበኛ ሚስት፣ ለጤናዎና ለጥርስዎ ሁልጊዜ የምትጸልይልዎ፣

ነውፋ፣ ኡም ጃሲር
ረምሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልረሳው ነበር። ትናንት ወጥ ሠሪዎ አቡ ሰልዋን ደጄ መጥቶ ነበር። ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ማለትም መኪናችን ልትሸጥ ስትል፣ የሚዛኑን መስተካከል ለማክበር ከደርዓ ለሚመጡ እንግዶች መንሰፍ ሊያቀርቡ ነው አሉ። የክብር እንግዳዎ በሐጃ ሰብሪያ ልጅ ሠርግ ላይ ተገኝተው ስለነበር «ያው የሠርጉ ጀሚድ ካልሆነ አልበላም» ብለው አስቀድመው ልከውብዎታል፤ የክስዎን ማስረጃ በልተው ጨርሰው ድገሙኝ ብለዋል ማለት ነው። እኔም ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ከቀሩኝ ጆንያዎች ምርጥ ምርጡን ለይቼ፣ አጥቤ፣ ገበቴ ላይ ደርድሬዋለሁ። ጀሚድ ግን ውሃ ውስጥ ካላደረ አይሟሟም፤ የክብር እንግዳም ይሁን ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ በደረቁ የሚችለው ጥርስ አላየሁም። ውሃውን በማሰሮ ቀድቼ ከጎኑ አስቀምጫለሁ። የአቡ ጃሲርን መኪና ጥሩምባ ከደጄ ስሰማ አፈስበታለሁ።