ገመዱን እኔ ወስጄዋለሁ

ሉሊት፣
ውኃ መጥታ ስለነበር በርሜሉን ሞልቼዋለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።
ገመዱንና ሄልሜትሽን ስትፈልጊ እንዳትደክሚ፤ እኔ ይዣቸው ወጥቻለሁ።

ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ትንሿን ቋጥኛችንን፣ ልጆቹን መውጣት ያስተማርንባትን፣ ለጠጠር እየፈለጧት ነው። የሚፈልጧት ደግሞ እነዚያው ያስተማርናቸው፣ ማረውና ጓደኞቹ ናቸው። ድሮ ጫፏ ላይ የሚደርስ ስላልነበረ ማንም አይነካትም ነበር። አሁን እኛ ባሳየናቸው በኩል ይወጡና ከላይ ጀምረው በመዶሻ ይንዷታል።
"ይልመዱ፣ ምን ቸገረሽ" ያልሽው አንቺ ነሽ።
ይሁን።

ትናንት ልቆጣቸው ሄጄ ነበር። ማረው ወገቡን በአባቱ የአህያ መጫኛ አስሮ ጫፏ ላይ ቆሟል። "ቲቸር፣ ቋጠሮው ልክ ነው?" አለኝ።
ልክ ነው። መጫኛው ግን አርጅቷል።
የሩዝ አጨዳው ካለቀ ወዲህ ሥራ የለውም። ተው ብዬ ምን ልሰጠው?

ቁልፉን እማማ ይታይሽ ጋ ትቼዋለሁ።
ዛሬም ይወጣሉ። ከታች ቆሞ ገመድ የሚይዝላቸው ሰው የለም።
እኔ እይዝላቸዋለሁ።

ቢታንያ