ሳላነብ የፈረምኩበት መናፈሻ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን የመሬት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ወንበር ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከመናፈሻው በር ፊት ለፊት ሱቅ ያለኝ ልብስ ሰፊና የሰፈሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበርኩ ሰው ስሆን፣ ከእፍረቴ በቀር ደኅና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ጥፋቴንም በአደባባይ ስለፈጸምኩት ነው።

አንደኛ፦ ስለ ግብዣዎ አመሰግናለሁ። ስለ መናፈሻውና ከጎኑ ስላለው ሜዳ «እንወያይ» ብለው አዳራሽ ሲጠሩን፣ እኔን ከፊት ረድፍ፣ ክንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስለካ እንጂ ሰው ወንበር ሲስብልኝ አይቼ ስለማላውቅ፣ ልቤ አበጠ። ባለሙያዎ ስለ «ማስዋብ» አንድ ሰዓት ሲናገሩ በአዎንታ ራሴን ስነቀንቅ ቆየሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ መዝገቡም አመሰግናለሁ። የመገኘት ፊርማ ነው ተብሎ ሲዞር የገጹ አናት ወደ ኋላ ታጥፎ ነበር። ያን ጊዜ ጡረተኛዋ አዋላጃችን፣ የሰፈሩን ግማሽ ሰው በእጃቸው የተቀበሉት እናት፣ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡና «የታጠፈውን አንብቡልንና እንፈርማለን» አሉ። መልስ የሰጡት የእርስዎ ባለሙያ አይደሉም፤ እኔ ነኝ። «እማማ፣ የመገኘት ፊርማ እኮ ነው፤ ምጥ አይደለም፣ አያስረዝሙብን» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ሳይፈርሙ ወጡ። እኔ ፈረምኩ፤ ስልሳ ሁለት ጎረቤቶቼም እኔን አይተው ፈረሙ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ መላጣው ከድሮም ነበረኝ፣ አሁን ሁለቱም ተሟሉልኝ።

ሦስተኛ፦ ከስብሰባው በኋላ በሦስተኛው ወር፣ ልጄ ብስክሌት የተማረችበት ሜዳ በቆርቆሮ ታጥሮ ቆፋሪ ማሽን ሲገባ፣ ቢሮዎ ድረስ መጣሁ። ጸሐፊዎ በትሕትና መዝገቡን ገልጠው አሳዩኝ። የታጠፈው ላይ «ሜዳውና መናፈሻው ለሕንፃ ግንባታ እንዲውሉ የተስማሙ ነዋሪዎች» ይላል፤ ተራ ቁጥር አንድ እኔ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ እንዴት ያምራል! አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

አራተኛው ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም። በአዋላጇ ደጅ ላለማለፍ ሁለት ሳምንት በጓሮ መንገድ እየዞርኩ ሱቄ ገባሁ። በመጨረሻ ሄድኩ። ደጃፋቸው ላይ፣ ለይቅርታ ካዘጋጀሁት ንግግር እንባዬ ቀደመኝ። እሳቸው ግን አስገብተው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ከፊቴ አኖሩና «ልጄ፣ ማልቀሱ ይደርሳል፤ የኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ አንተ ጻፍ» አሉኝ።

ከዚያ ክንዴን ተደግፈው አብረን በየቤቱ ዞርን። በእያንዳንዱ ደጅ «ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አንዳንዱ አቀፈኝ፤ አንዳንዱ አይኔን ላለማየት መሬት መሬት አየ፤ ዳቦ ጋጋሪው በሩን ዘጋብኝ፣ ደግ አደረገ። አርባ ሰባት ሰዎች ፊርማቸውን በጽሑፍ አነሡ።

ወረቀቱን ይዘን ፍርድ ቤት ስንደርስ ሜዳው ላይ መሠረት ተጥሎ ነበርና እሱን አጣነው። መናፈሻው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ እንዳይነካ ታግዷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ አልቀየምም፤ ሜዳውን በተመለከተ እውነትዎን ነው። ሰብሳቢነቱንም ለአዋላጇ አስረክቤያለሁ። እሳቸውን ከፊት ረድፍ ቢያስቀምጧቸው የሚሳካልዎት አይመስለኝም።

ላስተማሩኝ ትምህርት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ረጅም ዕድሜና የተረጋጋ ሥልጣን እመኝልዎታለሁ።

ከእንግዲህ ወረቀትንም እንደ ጨርቅ ገልብጬ ውስጡን የማይ፣
አክባሪዎ ልብስ ሰፊው

ማሳሰቢያ፦ የቆርቆሮው አጥር ላይ በሰቀላችሁት ሥዕል፣ ከሕንፃው ፊት ለፊት ስምንት የሚያማምሩ ዛፎች ተስለዋል። ከሜዳው ዳር የቆረጣችኋቸው አሥራ አንድ ነበሩ። ሠዓሊው ሦስቱን እንዲጨምርልን ቢያዝዙልን፣ ፀሐዩ ሲበረታ አረጋውያኑን ወስደን ሥዕሉ ሥር እናስጠልላቸዋለን።