ማሊያ የሌላት ነጂ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ሳይክሏን ተሸክሜ አራት ፎቅ ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ሰውዬ በራቸውን ገርበብ አድርገው አዩኝ። "ደህና አደሩ" አልኳቸው። ዘጉት።

ከየካ አባዶ ገርጂ አንድ ሰዓት ከሩብ። የታክሲ ሰልፉ ቢጨመር ሁለት ሰዓት ይሆን ነበር። ለዚህ ብዬ ነው የጀመርኩት። አሁንም ለዚህ ብቻ ነው? እንጃ... ከአያት ቁልቁል ስወርድ ነፋሱ ሂጃቤ ስር ሲገባ ስለ ምንም አላስብም። በቀን ውስጥ እንዲህ የምሆነው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ዛሬ የሰማሁት፦ "አንቺ፣ ቤታችሁ ወንድ የለም እንዴ?" "እህቴ፣ ወደ መካ በዚህ አይደለም!" አንዱ ደግሞ ምንም ሳይል አጨበጨበልኝ። ቀኑን ሙሉ ሲያሳስበኝ የዋለው ጭብጨባው ነው። አድናቆት ነበር ወይስ ፌዝ?

መድኃኒት ቤት ስደርስ ፊቴን ታጥቤ ነጭ ጋዋኔን ለበስኩ። አብራኝ የምትሠራው ማዕዛ "ዛሬም በሷ መጣሽ?" አለች። ሁልጊዜ ትጠይቃለች። ሁልጊዜ መልሱን ሳትሰማ ታልፋለች።

ወንድሜ ኢሳ ካናገረኝ ሦስት ሳምንት ሞላው። የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ መስመሩ መገናኛ ገርጂ። ተራው ላይ በኔ ይቀልዱበታል። ራት ላይ ለሚስቱ "ሲቲ፣ ጨው አቀብዪው በያት" ይላታል። ጨው እኔ ፊት ነው። ሲቲ "ሀጁዬ፣ ጨው..." ትለኛለች። አቀብላለሁ። የምንበላው እኮ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት 9

የብስክሌት ክበቡ ጋ ሄድኩ! ስልኬ ላይ ስከታተላቸው ዓመት ሆኖኛል። መንገዱ የሁሉም ይሁን፣ ለሳይክል መስመር ይሠራ የሚሉት። ወሎ ሰፈር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ተሰብስበው አገኘኋቸው።

ሰብሳቢያቸው ያቤጽ ይባላል። አርክቴክት ነው፣ ፊቱ ደስ ይላል። ሲያየኝ "በመጨረሻ! ሴት!" አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

አርባ ያህል ወንድ። ፊዮሪ የምትባል ልጅ ከእጮኛዋ ጋር። አንዲት ፈረንጅ። እና እኔ። ፈረንጇን ስለ ሳይክሏ ነው የሚጠይቋት፤ ማርሹ ስንት ነው፣ ከየት አመጣሽው፣ ዳገት ላይ እንዴት ነው። እኔን የጠየቁኝ ሁለት ነገር ነው። "አይሞቅሽም?" እና "ቤተሰብ ምን ይላል?"

ፎቶ በፎቶ ሆንን። "ሀጀር፣ አንቺ መሃል ግቢ።" ገባሁ። ከዚያ ተነሳን። አምስት ደቂቃ ያህል አብሬያቸው ነበርኩ። የነሱ ጎማ ቀጭን፣ የኔዋ ደግሞ ከባድ... ጀርባቸውን አየሁ፤ ቆየት ብሎ ጀርባቸውም ጠፋ። የተባለው ካፌ ስደርስ ማኪያቷቸውን ጨርሰው ሊነሱ ነው። "ጎበዝ!" አለኝ ያቤጽ። እንዳልነበርኩ ግን ያወቀ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ፎቶው ወጥቷል። መሃል ነኝ፤ ጥርሴ በሙሉ ይታያል። "ብስክሌት ለሁሉም" የሚል ጽፈውበታል። ከስር አንዱ "ጀግና" ብሏል። ሌላው "ይቺን የሚያገባ ማነው?" ሌላው "ሃይማኖቷን አታውቅም እንዴ?" ፈጅር ሰግጄ ነው የምወጣው። ይህን ማን ጠየቀኝ?

ኢሳ ዛሬ አናገረኝ። በቀጥታ፣ ያለ ሲቲ።

"ሰው ስልኩን እያወጣ ነው የሚያሳየኝ። ጣሃ ሳይቀር!"

ጣሃ የጓደኛው ረዳት ነው። እዚህ ቤት ስንቴ በልቷል።

"ምን አደረግኩ ኢሳ? ሰረቅኩ?"

"ብትሰርቂ ይሻለኝ ነበር። ሌባ እንኳ ተደብቆ ነው።"

ሲቲ ተነስታ የታጠበውን ሰሃን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22

የክበቡ ስብሰባ። ለከተማው የሚገባውን ደብዳቤ ሊያዘጋጁ። ያቤጽ "ያንቺ ድምፅ ያስፈልገናል" ብሎ ደውሎልኝ ነበር። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ።

ስለ መስመሩ ስፋት ተወራ፣ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ማቆሚያው። እጄን አወጣሁ። ሴት ስትነዳ ስለምትባለው፣ ስለሚወረወርባት፣ ሆን ብለው ስለሚጠጉ ሚኒባሶች ተናገርኩ። ደብዳቤው ውስጥ ይግባ አልኩ።

"በጣም ወሳኝ ነጥብ ነው" አለ ያቤጽ። "እሱ ግን የአመለካከት ጉዳይ ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ መስመሩ ይሠራልን። ሁለተኛ ዙር ላይ እንመለስበታለን።"

ቀጥሎ ደግሞ "ሀጀር፣ ቃለ ጉባኤውን አንቺ ብትይዥልን? ጽሑፍሽ ያምራል መሰለኝ።"

ያዝኩላቸው። የኔን ነጥብም ራሴ ጻፍኩት፦ "ሁለተኛ ዙር ላይ የሚታይ።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ዝናብ። በታክሲ ሄጄ በታክሲ ተመለስኩ። ማንም ምንም አላለኝም። ቀኑን ሙሉ፣ ማንም ምንም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

የሆነውን ልጻፈው።

ጠዋት፣ ገርጂ ልገባ ትንሽ ሲቀረኝ ሚኒባስ ከኋላዬ ተጠጋ። ጥሩምባ። ወደ ጠርዝ ሸሸሁ። ተጠጋ። ሸሸሁ። ረዳቱ በበሩ ወገቡ ድረስ ወጥቷል። "የኢሳ እህት!" አለ እየሳቀ። ጣሃ ነው። ቀና ብዬ ሳየው እጁን ዘርግቶ ሂጃቤን ከኋላ ያዘና ሳበው።

አንገቴ ወደ ኋላ... ከዚያ ድንጋዩ። ጉልበቴ፣ መዳፌ። ታክሲው ሄደ። ውስጥ የሳቀ ሰው ነበር። ግን ሁሉም አልሳቁም፣ አንዲት ሴትዮ "ኧረ በስመ አብ!" ስትል ሰምቻለሁ። መንገድ ላይ ፀጉሬ ተገልጦ ተቀምጫለሁ። የማስታውሰው ፀጉሬን በሁለት እጄ ለመሸፈን ስሞክር ነው። እንደ ልጅ።

ከፊት ለፊቱ ልብስ ስፌት ቤት አንዲት ሴት ሮጣ መጣች። ምንም ሳትጠይቀኝ የራሷን ነጠላ አለበሰችኝና ወደ ውስጥ አስገባችኝ። ደሜን ጠረገችልኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ሂጃቤ ተቀዷል፤ በስፌት መኪናዋ ወዲያው ሰፋችው። ከዚያ ወጥታ ሳይክሏን ገልብጣ አቆመቻት። ጎማውን አሽከረከረች፣ በአንድ ዓይኗ አየችው፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካካች፤ በትንሽ ፒንሳ አጠበቀች፣ አላላች። እንደገና አሽከረከረችው። ቀጥ አለ።

"የት ነው የተማሩት?" አልኳት።

"አንቺ በዪኝ፣ አላረጀሁም" አለች። ቆይታ፣ በሩን ዞር ብላ አይታ፣ "መቐለ። ለክለብ እወዳደር ነበር።"

ስሟ ኣምለሰት ነው። በዚያ በር ለሁለት ዓመት አልፌያለሁ።

አርብ፣ ኅዳር 5

ቤት ደረጃ ላይ ወደቅኩ አልኩ። ኢሳ ጉልበቴን አየ። ማታ ቅባት ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጧል። መድኃኒት ቤት ለምትሠራ እህቱ ቅባት ይገዛል...

እውነቱን ብነግረውስ? ወይ "ነግሬሽ ነበር" ይለኛል፣ ወይ ሄዶ ይደባደብና መስመሩን ያጣል። የትኛውን ነው የምፈራው?

ለያቤጽ ደውዬ ነገርኩት። በጣም አዘነ፣ እውነቱን ነው። ከዚያ "ፎቶ አንስተሻል? ጉልበትሽን? ለዘመቻችን ትልቅ ነገር ነው" አለኝ። አላነሳሁም አልኩት። እንዳላነሳሁ ቅር ያለው መሰለኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 14

የክበቡ ትልቁ ቀን። ባለሥልጣን መጥቷል፣ ካሜራ መጥቷል። ለሁሉም ማሊያ ታደለ፦ እጅጌው አጭር፣ ቁምጣው ጥብቅ። "ረጅሙ የታለ?" አልኩ። ያቤጽ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። "ስፖንሰሩ ያዘዘው አንድ ዓይነት ነው። ረስተነው ነው ሀጀር፣ ወላሂ።" የኔን መሐላ ማለልኝ።

ከራሴ ልብስ በላይ ልልበሰው አልኩ። ሞከርኩት፣ ጠበበኝ። አንዱ አስተባባሪ "ማሊያ የሌለው ከፊት አይሄድም፣ ለቀረጻው ይበላሻል" አለ። እሺ፣ ከኋላ ልሂድ። "ከኋላ አምቡላንሱ አለ።" የት ልሂድ ታዲያ?

"አንቺ እዚህ ቁሚና ይህን ያዥልን" ብለው ሰሌዳ ሰጡኝ። "ማንም ወደ ኋላ አይቅር" ይላል። ካሜራው መጥቶ ቀረጸኝ። ሄደ። እነሱም ሄዱ።

ሰሌዳውን ግንቡ ላይ አስደግፌ ወደ ቤት ነዳሁ። ለነሱ የምሰጠው መልስ የመጣልኝ መገናኛ ስደርስ ነው። እንዴት ያለ መልስ! ማን ይስማው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ኣምለሰት ጋ ሄድኩ። ክበቡ አንቺን ቢያገኝ ኖሮ አልኳት፣ እውነተኛ ተወዳዳሪ እኮ የላቸውም። መርፌዋን ክር እያስገባች ሰማችኝ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ ስድስት ዓመት ልብሷን የሰፋሁላት ደንበኛ ነበረችኝ። በጦርነቱ ጊዜ አንድ ቀን ስሜን ጠርታ 'ለካ አንቺም...' አለችና ያልተሰፋ ጨርቋን ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ከየት ነሽ የሚሉኝ ቦታ አልሄድም።"

እኔስ በዚያ ጊዜ ስንት ሰው ፊት ዝም ብያለሁ?

ድንገት ተነሳች። "ነይ፣ ስትነጂ ልይሽ።" ሱቋን ዘጋች። ውስጥ ለውስጥ መንገዱ ላይ ሁለቴ አስነዳችኝ።

"ለምን ጠርዝ ትይዣለሽ?"

"እንዳይገጩኝ።"

"ጠርዝ ስለያዝሽ ነው የሚገፉሽ፤ ቦታ ያለ ይመስላቸዋል። ግቢ ወደ መሃል። ከቆመ መኪና በር ራቂ። ከመዞርሽ በፊት ሹፌሩን ዓይኑን እዪው።"

ከዚያ ሳይክሌን ተቀበለችኝ። ቀሚሷን ሰበሰበች፣ ወጣች። ስንት ዓመት አልነዳችም እኮ። ወገቧ እንዴት እንደታጠፈ፣ ጥግ ላይ እንዴት ጋደል እንዳለች... ተመልሳ ስትወርድ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። "አቧራው" አለች።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

ለኢሳ ነገርኩት።

ሲቲም ነበረች። አልተዘጋጀሁበትም፤ ጫማውን ሲያወልቅ "ደረጃ ላይ አይደለም የወደቅኩት" አልኩ። ሁሉንም ነገርኩት። ሂጃቡ ላይ ስደርስ ሲቲ አፏን ያዘች።

"ማን?"

"ጣሃ። 'የኢሳ እህት' ብሎ ነው የጠራኝ።"

ይነሳል፣ ይጮሃል ብዬ ጠበቅኩ። አንድ ጫማ አውልቆ ሌላውን እንዳደረገ ቁጭ አለ።

"ተራው ላይ ሲስቁብኝ..." አለ። "እንዳይስቁብኝ ብዬ... 'አንድ ቀን አንዱ ይጥላትና ትተወዋለች' ብያለሁ። ጣሃ አጠገቤ ነበር።"

አላለቀስኩም። ገብቼ ተኛሁ። ይህን የምጽፈው ሲነጋ ነው። ለምንድነው ንዴቱ ያልመጣልኝ? ድካም ብቻ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 3

ኢሳ ጣሃን ይዞ መጣ። ጣሃ በር ላይ ቆሞ፣ መሬት መሬት እያየ "አፉ በዪኝ" አለ። ኢሳ ከኋላው ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ጣሃ ሲሄድ ኢሳ ቀረና "እኔንም" አለኝ። ይህችን ብቻ።

ወንድሜን አፉ አልኩት። ጣሃን ገና ነኝ። አልዋሽም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ኣምለሰት ወደ መቐለ ሄደች። እናቷ ታመዋል፤ ሱቁን አስረከበች። ፒንሳዋን ሰጠችኝ። ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ ቀና ብዬ አላየሁም።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 12

መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ወረቀት ለጥፌ ነበር፦ "ሳይክል መንዳት መማር የምትፈልጉ ሴቶች፣ እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ የካ አባዶ። ማሊያ የለም። የፈለጋችሁትን ልበሱ።" የኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ላይ ጠበቅኩ። ማዕዛ "እመጣ ይሆናል" ብላኝ ነበር። እስከ ሦስት ሰዓት ቆየሁ።

ማንም።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 19

ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ልገባ ሳይክሏን አነሳሁ። ጥቁር አባያ የለበሱ ሴትዮ ከወዲያ ቆመው ያዩኛል። አወቅኳቸው፤ በየወሩ የግፊት መድኃኒት የሚወስዱት ወይዘሮ ሳጂዳ ናቸው። ለካ እዚሁ አራተኛው ብሎክ ነው የሚኖሩት።

"ያለፈውም እሁድ መጥቼ ነበር" አሉ። "በመስኮት አይቼሽ አፈርኩና ደረጃው ላይ ቀረሁ።"

ያለፈው እሁድ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ነኝ ስል...

"ሳይክል የለኝም ግን።"

"በዚህችው ነው የምንማረው።"

እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ። "ኮምቦልቻ ልጅ ሳለሁ ወንድሞቼ ሲነዱ ነፋስ የምሞላላቸው እኔ ነበርኩ። ሞልቼ እሰጣቸዋለሁ፣ ይወጣሉ። አንድ ቀን ልሞክራት አላልኩም። ማን ይለኛል?"

የአባያቸውን ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ያዝኩላቸው። ወጡ። ጮኹ። ወረዱ። ወጡ። ኮርቻውን ይዤ ሮጥኩ። በረንዳ ላይ ሰው ወጣ፣ አንዱ አፏጨ፣ አንዷ ሴት "ያዢያቸው፣ ያዢያቸው!" አለች። እሳቸው አልሰሙም፤ "ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ" ይላሉ። አራተኛው ሙከራ ላይ መኪና ማቆሚያውን ከዳር እስከ ዳር ሄዱ፣ ማቆም አልቻሉም፣ ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ። ስደርስ ቅጠል መሃል ተቀምጠው እስኪያስላቸው ይስቃሉ።

"እሁድ እህቴን ባመጣ ቅር ይልሻል?"

እግሬ ዝሏል። ከኋላቸው ስሮጥ ነው የዋልኩት። ዛሬ ሳይክሏ ላይ አንዴም አልወጣሁም፤ ትዝ ያለኝም አሁን ስጽፍ ነው።