ወፈረ እንጂ መች ዳነ?

ማኅሌትዬ፣ ሺንሺቾ ሆኜ ደሜ እየፈላ ነው የምጽፍልሽ። እዚህ የእህል ነጋዴዎች አይጥ እንዲይዝላቸው ድመት ይዋዋሳሉ። ሱምያ የምትባል ነጋዴ፣ ሆሳዕና ተመርምሮ የድመት ኤድስ የተገኘበትን ድመቷን «ወፍሯል እኮ፣ ድኗል!» ብላ ለጎረቤት መጋዘን አዋሰችው። ዓይኔ እያየ ከጎረቤቱ ድመት ጋር ተናክሰው ደም በደም ሆኑ።

«ሰው ላይ አይተላለፍም፤ ድመቱ ግን ቢወፍርም ቫይረሱ ደም ሴሎቹ ውስጥ ተደብቆ ዕድሜ ልኩን ይኖራል፣ በንክሻም ይተላለፋል!» ብዬ ጮኽኩባት።

«ታዲያ አይጡን አንቺ ትይዢልኛለሽ?» አለችኝ።

አንቺም ከሷ አትሻዪም! አንቺ ጋ የተውኩት ድመቴ ቡሬ ያው በሽታ እያለበት፣ «ፀጉሩ አምሯል፣ ደጅ ልልቀቀው?» ትዪኛለሽ? እማማን ሳሚልኝ። ቡሬንም ሳሚው፤ በሩን ግን ከፍተሽ እንዳላገኝሽ!

ብርነሽ